ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ የክርክር ድርሰት አጻጻፍ

ሀ. መግቢያ

ተማሪዎች! ሰው በቤቱም ሆነ በገበያ፣ በቡና ላይም ሆነ በመንገድ ሳይከራከር አይውልም። አንዱ ስለ እህል ዋጋ፣ ሌላው በሩቅ አገር ስለሚደረግ ጦርነት ይሟገታል። አሳብ የሌለው ሰው የለም፤ አሳቡን በሥርዓት አቅርቦ ሌላውን የሚያሳምን ግን ጥቂት ነው። በዚህ ትምህርት ክርክር ከጥል የሚለይበትን ምክንያት፣ የክርክር ድርሰት የሚጻፍበትን መንገድ፣ ለዚህም የሚያገለግለውን አንድ የዐረፍተ ነገር ዐይነት እንማራለን። የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ቀጥሎም ድምፅ እያሰማችሁ አንብቡ።

ለ. ምንባብ

ከሸንጎ እስከ ተራራ

በአገራችን የክርክር ሥርዓት የቆየ ነው። በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ባለበት መቆም ነበረበት። ሹም በአቅራቢያው ባይገኝ፣ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ዳኛ አድርገው ከዛፍ ጥላ ሥር ይቆሙ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ወደ ችሎት የሚሄዱበት ጊዜም ነበር። በችሎቱ ፊት «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ በማር፣ በፈረስ ወይም በበቅሎ እየተወራረዱ ይሟገታሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ያላዳመጠ የሚመልሰው አይኖረውምና። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ይህንኑ ልማድ ያመለክታል።

ጎንደር በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በ1628 ዓ.ም. ገደማ፣ መናገሻ ከተማ ከሆነች በኋላ የታላላቅ ጉባኤዎች ስፍራ ሆነች። በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስና በቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ ዘመን የተዋሕዶና የቅባት ሊቃውንት መጻሕፍት እየጠቀሱ በነገሥታቱ ፊት ተከራክረዋል። ይሁን እንጂ ክርክሩ ሁልጊዜ በቃል ብቻ አልተፈጸመም። በሣልሳዊ ዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት (ከ1708 እስከ 1713 ዓ.ም.) በከተማዪቱ በተደረገ ጉባኤ የተሰጠውን ፍርድ አንቀበልም ያሉ ካህናት ተገድለዋል። በዚያ ጉባኤ የጎደለው እውቀት አልነበረም። ነገሩ ከሰውየው ሳይለይ ሲቀር፣ አሳብን መርታት ያቃተው ወገን ባለ አሳቡን ወደ ማጥፋት ይሄዳል።

አሁን ደግሞ ከዚያ ዘመን ወደ ቅርቡ፣ ከሃይማኖት ጉዳይ ወደ ኑሮ ጉዳይ እንሸጋገር። ከጎንደር ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ የደረሰ ሰው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን መግቢያ ያገኛል። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ በመጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የማይገኘው ዋልያ የሚኖረው በዚህ ተራራ ገደላ ገደል ነው። ነገር ግን በዚያው ተራራ ገብስ የሚዘራና ከብት የሚያሰማራ ሕዝብም ነበረ። እርሻው፣ ግጦሹና መንገዱ የአራዊቱን መኖሪያ ስላጠበበው ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ መካከል የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከቀያቸው ወጥተው በደባርቅ ሰፈሩ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ተፋቀ።

«የግጭ ነዋሪዎች ከፓርኩ መውጣታቸው ተገቢ ነበርን?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ «ሰው ሌላ ቀዬ ሊያገኝ ይችላል፤ ዋልያ ግን ሌላ ተራራ የለውም። ዛሬ ከጠፋ ነገ በገንዘብ አይመለስም።» ሁለተኛው ወገን ይመልሳል፦ «መንደሩ ፓርኩ ከመታወጁ በፊት የነበረ ነው። ገበሬ ከመሬቱ ተነሥቶ ከተማ ዳር ሲሰፍር በሬውን የት ያሰማራል? ቅርሱ የዓለም ሁሉ ከሆነ፣ ዋጋውን አንድ መንደር ብቻ ይከፍላልን?»

በሁለቱም ወገን እውነት አለ። ጥያቄው ለክርክር የሚበቃውም ስለዚህ ነው። እውነቱ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ የሚያስፈልገው ማስረዳት እንጂ ክርክር አይደለም። እንግዲህ አንዱ «አንተ የከተማ ልጅ፣ ስለ ገበሬ ምን ታውቃለህ?» ቢል፣ ሌላውም «ገበሬ ስለ ዋልያ ምን ገዶት?» ብሎ ቢመልስ፣ ስለ ተራራው የተነገረ አንድም ቃል የለም። ክርክሩ በዚያ ቆሞ ጥሉ ጀምሯል።

ሐ. ማብራሪያ

የክርክር ድርሰት ስትጽፉ የሚከተሉትን ነጥቦች ጠብቁ።

1. ጥያቄውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ወስኑ። ወሰን የሌለው ጥያቄ መልስ የለውም።

2. የተቃራኒውን ወገን አሳብ አስቀድማችሁ ግለጹ። አገላለጻችሁ ትክክል የሚሆነው ባለ አሳቡ ቢሰማው «አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» የሚል ሲሆን ነው። አሳቡን አሳንሶ መግለጽ ገለባን ወቅቶ ምርት አገኘሁ እንደ ማለት ነው።

3. ማስረጃችሁን ለዩ። በዐይናችሁ ያያችሁትን፣ ከሌላ የሰማችሁትንና የገመታችሁትን አታደባልቁ። ግምትን እንደ ታየ ነገር አድርጎ ማቅረብ በድርሰትም ሐሰት ነው።

4. በመደምደሚያው የምትደግፉትን አሳብ አጽኑ፤ ከተቃራኒው ወገን የተቀበላችሁትንም ሳትሸሽጉ ተናገሩ።

መ. ሰዋስው፦ «ምንም እንኳ … ቢ…ም»

የተቃራኒን እውነት ተቀብሎ የራስን አሳብ ለማጽናት የሚያገለግለው ዐረፍተ ነገር በ«ምንም እንኳ» የሚጀምረው ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር ሁለት ክፍል አለው። ጥገኛው ክፍል ግሡ «ቢ» በመነሻው፣ «ም» በመድረሻው የሚጨመርበት ነው። ዋናው ክፍል በማሠሪያ አንቀጽ ይዘጋል። የሚከተሉትን አስተያዩ።

«ምንም እንኳ የግጭ ሰዎች ቀያቸውን ቢለቁም፣ ሜዳው ከማረሻ ዐርፏል።»

«ምንም እንኳ ሜዳው ከማረሻ ቢያርፍም፣ የግጭ ሰዎች ቀያቸውን ለቀዋል።»

በሁለቱም የተነገረው ነገር አንድ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ተናጋሪ ለፓርኩ፣ የሁለተኛው ተናጋሪ ለመንደሩ ያደላል። የተናጋሪው ፍርድ የሚያርፈው በማሠሪያው አንቀጽ ላይ ነውና። ስለዚህ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ስታነቡ ምን እንደ ተቀበለና በምን እንደ ዘጋ መርምሩ። በጥገኛው ክፍል ያስቀመጠው የተቀበለው ነው፤ በማሠሪያው የዘጋው የፈረደው ነው።

ሠ. መልመጃ

1. የሚከተሉትን ቃላት ትርጉማቸውን ተናግራችሁ በዐረፍተ ነገር አግቡ፦ ችሎት፣ ተቆራኘ፣ ተወራረደ፣ ቀዬ፣ ማሠሪያ አንቀጽ።

2. በሣልሳዊ ዐፄ ዳዊት ዘመን በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ፍጻሜ ስለ ክርክር ምን ያስተምረናል? በአንድ አንቀጽ መልሱ።

3. የሚከተሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች በ«ምንም እንኳ» አጋጥሙ። ቀጥሎም ፍርዱ ወደ ሌላው ወገን እንዲያደላ ገልብጣችሁ ጻፉ።
ሀ) መንገዱ ተሠርቷል። እርሻው ተቆርሷል።
ለ) ጎብኚዎች መጥተዋል። እረኞች መሰማሪያ አጥተዋል።

4. «አንተ የከተማ ልጅ፣ ስለ ገበሬ ምን ታውቃለህ?» የሚለውን አነጋገር ሰውን ሳይነካ ነገሩን ብቻ የሚጠይቅ አድርጋችሁ ለውጡት።

5. ስለ ግጭ ነዋሪዎች መውጣት የምትደግፉትን ወገን ምረጡ። ከዚያም በደብተራችሁ ሦስት አንቀጽ ጻፉ፤ የመጀመሪያው አንቀጽ የምትቃወሙት ወገን ያለውን እውነት ብቻ የሚገልጽ ይሁን። በአጠገባችሁ የሚቀመጠው ተማሪ የሌላው ወገን ደጋፊ ከሆነ፣ አንቀጹን አንብቦ «ያልሁት ይህንኑ ነው» ብሎ እስኪመሰክር ድረስ ወደ ሁለተኛው አንቀጽ አትለፉ።