የሕፃናት መዘምራንን ስለሚመሩ ሰዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ሕፃናት በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፥ አዳራሽም በሌለበት በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው ሲዘምሩ እንሰማለን። በበዓልም ቀን ነጭ ለብሰው፥ ከበሮ ይዘው፥ ታቦቱን አጅበው ሲወጡ የሚያያቸው ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፤ እናቶችም እልልታውን ያቀልጡታል። ነገር ግን ከሕፃናቱ ጎን ቆሞ የሚመራቸውን ወንድም ወይም ቆማ የምትመራቸውን እኅት ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። መዝሙሩ ካማረ ሕፃናቱ ይመሰገናሉ፤ ከተበላሸ ግን መሪው ይወቀሳል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን የሕፃናት መዘምራን መሪ የሚሆን ሰው እንዴት ያለ ሊሆን እንደሚገባው፥ ደግሞም የሚመራው ዜማውን ነው ወይስ ሕፃኑን የሚለውን ጥያቄ እንመለከታለን።

1ኛ፤ አገልግሎቱ ጥንታዊ ስለ መሆኑ

መዘምራንን መምራት ትናንት የተጀመረ ሥራ አይደለም። በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 15 እንደ ተጻፈው፥ ንጉሡ ዳዊት ታቦተ ሕጉን ወደ ኢየሩሳሌም ባስመጣ ጊዜ ዜማ እንዲያስተምር የተሾመው ክናንያ የሚባል የሌዋውያን አለቃ ነበር፤ የተመረጠበትም ምክንያት ዕውቀቱ ነው። በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 25 ደግሞ የአሳፍ፥ የኤማንና የኤዶታም ልጆች በአባቶቻቸው መሪነት ይዘምሩ እንደ ነበር ተነግሯል። የተማሩት መዘምራን ቍጥር 288 ሲሆን፥ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየሆኑ በ24 ክፍል ተመድበው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ተራቸው የተለየው በድምፅ ማማር ወይም በዕድሜ ብልጫ ሳይሆን በዕጣ ነው። ታላቁም ታናሹም፥ መምህሩም ተማሪውም ያለ ልዩነት በአንድነት ዕጣ ተጣጣሉ። መምህሩ አዋቂ መሆን እንዳለበት መጽሐፍ አልሸሸገም፤ ነገር ግን በእግዚአብሔር ፊት ለማመስገን ሲቆም መምህሩ ከተማሪው አይበልጥም።

በሐዲስ ኪዳንም ጌታችን ወደ ቤተ መቅደስ በገባ ጊዜ ሕፃናት በሆሣዕና ምስጋና ሲጮኹ፥ የካህናት አለቆችና ጻፎች ተቈጡ። ጌታ ግን ለሕፃናቱ ጠበቃ ሆነላቸው፤ የነቢዩ የዳዊትንም መዝሙር ምስክር አድርጎ ጠራላቸው። በዚያ ቀን ሕፃናቱን የመረጣቸው፥ ድምፃቸውንም የመዘነ ማንም አልነበረም። የታወቀው ምስጋናቸው ብቻ ነው።

2ኛ፤ ሕፃን በመምህሩ ድምፅ የእግዚአብሔርን ድምፅ እንደሚሰማ

ሕፃኑ ሳሙኤል በካህኑ በዔሊ ሥር ሆኖ በቤተ መቅደስ ያገለግል ነበር። ሌሊት እግዚአብሔር በጠራው ጊዜ የጠራው ዔሊ መስሎት ተነሥቶ ወደ ካህኑ ሮጠ። ይህም ሦስት ጊዜ ሆነ። ሕፃኑ የአምላኩን ድምፅ ከመምህሩ ድምፅ ለመለየት ገና አልቻለም ነበርና።

ይህ ነገር በሳሙኤል ብቻ የሆነ አይደለም። በሰባትና በስምንት ዓመት ዕድሜ ያለ ልጅ ስለ እግዚአብሔር የሚያውቀውን አብዛኛውን ያወቀው ከወላጆቹና በቤተ ክርስቲያን ከሚያስተምሩት ሰዎች ነው። መሪው ሲቈጣ እግዚአብሔር የተቈጣ ይመስለዋል፤ መሪው በስሙ ሲጠራው እግዚአብሔር ያወቀው ይመስለዋል። ስለዚህ መሪው በሕፃኑ ጆሮ ውስጥ ከራሱ መጠን በላይ የሆነ ድምፅ አለው። ዔሊ ግን ይህን ነገር ባስተዋለ ጊዜ ልጁን ወደ ራሱ አላስቀረውም፤ ለእግዚአብሔር እንዴት እንደሚመልስ አስተምሮ ወደ መኝታው ሰደደው። የመልካም መሪ ሥራ ይህ ነው፤ ወደ እርሱ የሮጠውን ልጅ ወደ እግዚአብሔር መመለስ።

ይህን ስጽፍ ከሌሎች በደል አስቀድሜ የራሴን ላስታውስ ይገባኛል። በወጣትነቴ በአንድ አጥቢያ ሕፃናትን መዝሙር አስጠና ነበር። ሕፃናቱ ሠላሳ ያህል ነበሩ፤ የተሰፋው የመዘምራን ልብስ ግን ሃያ ብቻ ነበር። የጥምቀት በዓል በደረሰ ጊዜ ድምፃቸው የተስተካከለውን ሃያውን መርጬ የቀሩትን «ለነገ አትመጡም» አልኋቸው። ከቀሩት አንዱ ዘጠኝ ዓመት ያህል የሆነው፥ ከአያቱ ጋር የሚኖር ልጅ ነበር። ዜማ ይስታል፤ ነገር ግን ከጥናት ቀርቶ አያውቅም።

በከተራ ዕለት ታቦቱን አጅበን ስንወርድ ያ ልጅ ከአያቱ ጋር በመንገዱ ዳር ቆሞ አየሁት። ያስጠናነውን መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዘምር ነበር። ልብስ ከለበሱት መካከል ግጥሙን የረሱ ነበሩ፤ እርሱ ግን አንድ ቃል አልሳተም። ከበዓሉ በኋላ ግን ወደ ጥናት አልተመለሰም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አያቱን ከቅዳሴ ስትወጣ አገኘኋትና «እናቴ፥ ልጁ ለምን ቀረ?» ብዬ ጠየቅኋት። እርስዋም «ልጄ፥ እግዚአብሔር ድምፅህን አይወደውም ብለውኛል ይላል» ብላ መለሰችልኝ።

እኔ እንደዚህ ያለ ቃል አልተናገርሁም ነበር። ያልሁት «ለነገ አትመጡም» ብቻ ነበር። ልጁ ግን የሰማው አያቱ የነገረችኝን ነው። በዚያን ቀን የሳሙኤልን ታሪክ እንደ አዲስ አነበብሁት። ወደ ቤታቸውም ሄጄ ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። በመጀመሪያው ሰንበት አልመጣም፤ በሁለተኛውም አልመጣም፤ በሦስተኛው መጣ። ድምፁ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተቃናም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ከመዘምራኑ መካከል ማንንም ከበዓል አላስቀረሁም። ለሁሉ የሚበቃ ልብስ በሌለ ጊዜ ሁሉም የየራሱን ነጠላ አጣፍቶ ይመጣል። እንዲህ ማድረግ በመጀመሪያውም ዓመት ይቻል ነበር፤ ያላደረግሁት መዝሙሩ እንዲያምርልኝ እንጂ ለሕፃናቱ አስቤ አልነበረም።

3ኛ፤ ከቅዱስ ያሬድ ታሪክ ስለምንማረው

የዜማችን አባት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የተነሣ ነው። ግዕዝ፥ ዕዝልና ዓራራይ በሚባሉት ሦስት የዜማ ዓይነቶች ድጓውን፥ ጾመ ድጓውን፥ ምዕራፉን፥ ዝማሬውንና መዋሥዕቱን እንደ ደረሰ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች፤ በየዓመቱም ግንቦት 11 ቀን ታከብረዋለች። ይህ ታላቅ ሊቅ በሕፃንነቱ ትምህርት የማይገባው ተማሪ እንደ ነበር ሁላችን የምናውቀው ነው።

አጎቱ መምህር ጌዴዎን ቢያስተምረው አልያዘለትም፤ ቢገርፈውም አልጠቀመውም፤ በመጨረሻ ትምህርቱን ትቶ ሸሸ። በመንገድም ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍ ባለ ጊዜ አንድ ትል ፍሬውን ሊበላ ዛፉን ሲወጣ አየ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ በሰባተኛው ወጣ። ያሬድም ይህን አይቶ ልቡ ተነካና ወደ አጎቱ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ አጎቱም ተቀበለው።

ከዚህ ታሪክ ተማሪዎች ትዕግሥትን ይማሩ ዘንድ ብዙ ጊዜ ይሰበካል፤ መልካም ነው። እኛ ግን መምህራኑ ልንማረው የሚገባ ሌላ ነገር በውስጡ አለ። ያሬድን ያባረረው በትሩ ነው፤ የመለሰው ግን ትሉ ነው። ይህን ስንል መምህር ጌዴዎንን ለመንቀፍ አይደለም፤ እርሱ የዘመኑን ሥርዐት ፈጸመ። የእርሱ ታላቅነት የታየው ልጁ በተመለሰ ጊዜ በሩን ስላልዘጋበት ነው። ቢዘጋበት ኖሮ ዛሬ በማሕሌት ቆመን የምንለው ዜማ ከየት በተገኘ ነበር? ዛሬ ዜማ የሚስተውን ልጅ «ይህ አይሆንም» ብሎ የሚያሰናብት መሪ፥ ያሰናበተው ማንን እንደ ሆነ አያውቅም።

4ኛ፤ መሪው ሊጠብቃቸው ስለሚገባ ነገሮች

ይህን መሠረት ካደረግን በኋላ በሥራ የሚገለጡትን ጥቂት ነገሮች እንዘርዝር።

በመጀመሪያ መሪው ራሱ የሚመራ ሰው ይሁን። የንስሐ አባት የሌለው፥ ከቅዳሴና ከምሥጢራት ርቆ መዝሙር ብቻ የሚወድ ሰው ሕፃናትን ወዴት ሊወስዳቸው ይችላል? ደግሞም ለደብሩ አስተዳዳሪ ታዛዥ፥ ከመሪጌታው ለመጠየቅም የማያፍር ይሁን። በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መሪና የአብነት መምህሩ የማይተዋወቁበት ቦታ አለ፤ ይህ ጥፋት የሁለቱም ነው። መሪጌታው በወር አንድ ቀን እንኳ ለሕፃናቱ ቢያዜምላቸው፥ ያ ድምፅ ዕድሜ ልካቸውን በጆሮአቸው ይኖራል።

ሁለተኛ፥ የሚያስጠናው መዝሙር በሊቃውንት የታየ፥ ትርጕሙም ለሕፃናቱ የተነገረ ይሁን። አባቶቻችን ተማሪውን ቃል በቃል እያቀበሉ፥ እየደጋገሙ ያስተምሩ ነበር፤ ይህ መንገድ ዛሬም ለሕፃናት የሚበልጠው ነው። ነገር ግን ሕፃኑ የሚለውን ሳያውቅ ቢዘምር ለቤቱ ምንም ይዞ አይሄድም። ከበሮም ሲሰጠው ምሳሌውን ይንገሩት፤ ሰፊው አፍ የመለኮት፥ ጠባቡ አፍ የትስብእት ምሳሌ እንደ ሆነ፥ ጠፍሩም የጌታን የግርፋቱን ሰንበር እንደሚያሳስብ ያወቀ ልጅ ከበሮውን እንደ መጫወቻ አይመታውም። ይህ በውጭ አገር ላሉ አጥቢያዎች ይልቁን ያስፈልጋል። በአሜሪካና በአውሮፓ የተወለዱ ልጆቻችን ብዙዎቹ መዝሙሩን በላቲን ፊደል ተጽፎላቸው ያጠናሉ፤ ድምፁን ያወጣሉ እንጂ ቃሉን አይሰሙትም። በዚያ ያለ መሪ ከመዝሙሩ ጋር ፊደሉንና ቋንቋውን ጥቂት ጥቂት እያለ ካላስተማረ፥ ልጆቹ ባደጉ ጊዜ መዝሙሩን ከሌላው የሕፃንነት ነገር ጋር ይተዉታል።

ሦስተኛ፥ የሕፃኑን አካል ይወቅ። የሕፃን ጕሮሮ ለስላሳ ነው፤ «ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ» እያሉ ማስጮኽ ይጐዳዋል። ድምፅ ማጉያ ባለበት መጮኽ አያስፈልግም፤ በሌለበትም ከበሮው ዝግ ይበል እንጂ ልጁ አይጩኽ። ወንዶች ልጆች ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ድምፃቸው ይሰበራል፤ በዚህ ጊዜ ያፍራሉ፥ ጓደኞቻቸውም ይስቁባቸዋል። ብዙ ልጆች ከቤተ ክርስቲያን የሚርቁት በዚሁ ዕድሜ ነውና፥ መሪው አስቀድሞ ነገሩ የተፈጥሮ መሆኑን ነግሮ፥ እስኪያልፍ ድረስ ከበሮ በመምታት ወይም ታናናሾቹን በማስጠናት ሥራ ይስጠው። በበዓልም ቀን ሕፃናቱ በፀሓይ ከቆሙ ውሃ ጠጥተው እንደ ሆነ መጠየቅ ያለበት መሪው ነው።

አራተኛ፥ በአደራ የተሰጠውን ይጠብቅ። ልጁን አይምታ፤ በጓደኞቹ ፊት አያዋርደው። ጥናቱ በግልጥ ቦታ፥ ከአንድ በላይ ዐዋቂ ባለበት ይሁን፤ መሪው ማንንም ልጅ ለብቻው ይዞ አይቆይ። ሲመሽም ልጁን ለመጣው ዘመዱ በእጁ ያስረክብ። ይህ እርስ በርስ አለመተማመን አይደለም፤ ሕፃኑንም መሪውንም የቤተ ክርስቲያንንም ስም የሚጠብቅ አጥር ነው። ዔሊ ሳሙኤልን በሚገባ ቢመራም የራሱን ልጆች ክፉ ሥራ እየሰማ ባለመከልከሉ ቤቱ እንደ ጠፋ አንርሳ። ጥፋት አይቶ ዝም የሚል ሽማግሌም ሆነ ካህን ከዚህ ፍርድ አያመልጥም።

አምስተኛ፥ ምስጋናን አይፈልግ። ሕዝቡ ሲያጨበጭብና ሲያደንቅ መሪው ሳያውቀው ሕፃናቱን ለራሱ ስም ያሰልፋቸዋል። ያን ጊዜ ዜማ የሚስት ልጅ ሸክም ይሆንበታል። መሪው ልቡ ወዴት እንዳዘነበለ ለማወቅ ቢፈልግ ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፤ «ከሁሉ ይልቅ ድምፁ የማያምረው ልጅ ዛሬ ቢቀር፥ መቅረቱን አውቃለሁን?»

ካህናት አባቶችም ይህን ሥራ ለወጣቶቹ ብቻ ትተን አንራቅ። መሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደመወዝ፥ ከሥራና ከትምህርት በተረፋቸው ሰዓት የሚያገለግሉ ናቸው። ሲሳሳቱ ብቻ ከምንጠራቸው ይልቅ አስቀድመን ብንጐበኛቸው፥ ብናስተምራቸው፥ በጸሎትም ብናስባቸው ይበልጣል። ወላጆችም ልጃቸውን በበር አድርሰው ከመመለስ አልፈው የመሪውን ስም ይወቁ፤ ልጁ ያጠናውንም መዝሙር በቤት ይጠይቁት።

ደቀ መዛሙርቱ ሕፃናትን ይዘው የመጡትን በከለከሉ ጊዜ ጌታችን ተቈጣቸው። የከለከሉት ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ለጌታ ክብር ያሰቡ መስሎአቸው ነው። እኛም ለመዝሙሩ ማማር፥ ለበዓሉ ክብር ያሰብን መስሎን ከታናናሾቹ አንዱን ወደ መንገድ ዳር እንዳንገፋ እንጠንቀቅ።

ሕፃናትን ወደ እርሱ የጠራ አምላክ የሚመሩአቸውን ሁሉ በጥበብና በትዕግሥት ይጠብቅልን፤ ለልጆቻችንም ጸንተው የሚኖሩበትን ልብ ያድልልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።