የመንግሥት ሥራ ለሚፈልግ ተማሪ ረዳት የሚሆኑ ነገሮች

ከዚህ ተማሪ ቤት ወጥቼ ዩኒቨርሲቲም ከጨረስሁ በኋላ ሥራ ፍለጋ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ደጅ ጠንቻለሁ። ዛሬ ደግሞ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የሌሎችን ማመልከቻ የምቀበል ሠራተኛ ነኝ። በመስኮቱ ውጭም ውስጥም ስለ ቆምሁ፣ የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ ነገሩ እንድጽፍ ቢጠይቁኝ እሺ አልሁ።

ብዙ ሰው «ዘመድ የሌለው ሥራ አያገኝም» ይላል። እኔም እል ነበር። አድልዎ ከቶ የለም ብዬ አልዋሽም፤ ነገር ግን ከእኔ መስኮት የሚመለሱት አብዛኞቹ አመልካቾች ዘመድ ያጡ ሳይሆኑ ማስታወቂያውን በሚገባ ያላነበቡ ወይም ማስረጃቸውን ያላዘጋጁ ናቸው።

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ አቀጣጠር በአንድ ሥርዐት እንዲመራ የማዕከላዊ ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱም ሕጉም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። አዋጅ ቁጥር 262/1994፣ 515/1999 እና 1064/2010 እየተተካኩ መጥተው፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አዋጅ ወጥቷል። በ2010ሩ አዋጅ ክፍት የሥራ መደብ የሚያዘው ተፈላጊውን ችሎታ አሟልቶ ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ባገኘ ሰው ብቻ እንደ ሆነ ተጽፎ ነበር። አዋጆቹ የሚታተሙት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ስለ ሆነ ማንም አግኝቶ ሊያነባቸው ይችላል። ሕጉን አንብቦ ወደ መስኮት የሚመጣ አመልካች አነጋገሩ እንኳ ሌላ ነው። ከጓደኛ የተዋሳችሁት ግን የተሻረው አዋጅ እንዳይሆን ዓመቱን ተመልከቱ።

ማስታወቂያው የት ይገኛል? ቀድሞ የሚጠቀሰው በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ነው። መግዣ ባጣሁበት ጊዜ አራት ኪሎ ከመንገዱ ዳር ጋዜጣ ከሚያከራዩት ዘንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በጥቂት ሳንቲም አነብብ ነበር። ከጋዜጣው ሌላ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያለው ሰሌዳ አለ፤ የዞንና የወረዳ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ከሰሌዳው አያልፍም። በቴሌግራም የሚለጠፈው ፈጥኖ ይደርሳል፤ ሆኖም ቀኑ ያለፈበትና የተቆረጠው ስለሚበዛ ከዋናው ጋር ሳታመሳክሩ የመሳፈሪያ ገንዘብ አታውጡ። ለምዝገባ ወይም «ለማስገቢያ» ብር የሚጠይቃችሁ ደላላ ካለ ጥላችሁት ሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማስታወቂያ ስታነቡ ዓይናችሁ ወደ ደመወዙ ይሮጣል፤ የእኔም ይሮጥ ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ የሚነበበው «ተፈላጊ ችሎታ» የሚለው ነው። የትምህርቱ ዓይነት በስም ተጠርቶ እንደ ሆነ «የሚቀራረብ ነው» ብሎ መገመት አይጠቅምም። ከዚያ «የሥራ ልምድ» ይመጣል። «0 ዓመት» የሚለው ለአዲስ ተመራቂ የተከፈተ በር ነው። «አግባብ ያለው» ሲል ግን ልምዱ ከመደቡ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት ማለት ነው። በግል ድርጅት የሠራ ሰው የሚያቀርበው ደብዳቤ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን መደብ፣ በስንት ደመወዝ እንደ ሠራና የሥራ ግብር መከፈሉን ካልገለጸ ብዙ ጊዜ አይያዝለትም። ቅጥሩ በቋሚነት ነው ወይስ በኮንትራት? የሥራው ቦታስ የት ነው? ቀኑም «በተከታታይ የሥራ ቀናት» ከተባለ ቅዳሜና እሑድ እንደማይቆጠሩ ልብ በሉ። በቴክኒክና ሙያ የምትሠለጥኑ የብቃት ማረጋገጫውን፣ ዩኒቨርሲቲ የምትገቡም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና ከአሁኑ አስቡ።

እኔን የጎዳኝ ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነገር ነው። ሁሉንም አሟልቼ፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዋናውንና ቅጂውን ይዤ ቀረብሁ። የምትመዘግበው ሴት ወረቀቶቹን አስተያይታ፣ «ልጄ፣ የዲግሪው ሰውዬና የ12ኛ ክፍሉ ሰውዬ አንድ መሆናችሁን በምን ልወቅ?» አለችኝ። የአባቴ ስም ታደሰ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በአንዱ ላይ «ስ» አንድ ጊዜ፣ በሌላው ላይ ሁለት ጊዜ ገብታለች። የፈተናውን ቅጽ ስሞላ የተሳሳትሁት እኔው ነኝ፤ በማንም ላይ አላሳብብም። ከተማሪ ቤቱ ደብዳቤ፣ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሌላ ደብዳቤ እያልሁ እስካስተካክል አራት ወር አለፈ። መደቡ በሌላ ሰው ተያዘ። ያን ጊዜ አባቴ ሕመም ላይ ስለ ነበሩ ለመድኀኒት ያሰብሁት የመጀመሪያ ደመወዝ ሳይደርስላቸው ቀረ።

ታናሽ እኅቴ ዘንድሮ በዚሁ ተማሪ ቤት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው ኅዳር የልደት ምስክር ወረቀቷን፣ የፋይዳ መታወቂያዋንና ከተማሪ ቤቱ መዝገብ የተገለበጠውን ስሟን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ፊደል በፊደል አመሳከርን። እንደ ፈራሁትም በመዝገቡ ላይ ያችው «ስ» ጎድላ ተገኘች። በማግሥቱ ጧት ወረቀቶቿን ይዛ ወደ መዝገብ ክፍል ሄደች፤ ከዕረፍት ሰዓት በፊትም ተስተካክሎላት ወደ ክፍሏ ተመለሰች።