የስታርች ፕላስቲክ፦ የማለስለሻና የናኖ መሙያ ሚዛን

ከበቆሎ፣ ከድንች ወይም ከእንሰት ቡላ የሚገኘው ስታርች ዕፅዋት ራሳቸው የሚሠሩት ፖሊመር፣ ማለትም ባዮፖሊመር ነው። በአፈር ውስጥ በረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ስለሚበሰብስ፣ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራውን የማሸጊያ ፕላስቲክ በከፊል ይተካል የሚል ተስፋ ተጥሎበታል። ይሁን እንጂ ስታርችን በውኃ አብስለን፣ በስሱ አፍስሰን ብናደርቀው የምናገኘው ሽፋን ሲታጠፍ ይሰበራል። ይህን ጠባይ ለመለወጥ ሁለት ዓይነት ጭማሪዎች ያስፈልጋሉ።

1. ማለስለሻ

ስታርች አሚሎስና አሚሎፔክቲን ከተባሉ የግሉኮስ ሰንሰለቶች የተገነባ ነው። ሰንሰለቶቹ በሃይድሮጅን ትስስር እርስ በርስ ስለሚያያዙ እንደ ልብ አይንሸራተቱም። ግሊሰሮል ሲጨመር ትንንሽ ሞለኪዩሎቹ በመካከላቸው ገብተው ያራርቋቸዋል፤ ሽፋኑም ይተጣጠፋል። የተለመደው መጠን ከስታርቹ ክብደት ከ20 እስከ 40 በመቶ ነው። ሆኖም ሽፋኑ ሲጎተት የመቋቋም ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ግሊሰሮል ውኃ ወዳድ በመሆኑም ሽፋኑ እርጥበት ይስባል፣ የውኃ ተንም በቀላሉ ያሳልፋል።

2. ናኖ መሙያ

ሞንትሞሪሎናይት የተባለው የሸክላ ማዕድን 1 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ካላቸው ንጣፎች የተደራረበ ነው። ንጣፎቹ ተለያይተው በስታርቹ ውስጥ ሲበተኑ ጥንካሬ ይሰጡታል፤ የውኃ ተኑም በቀጥታ ማለፍ ስለማይችል እየተጠማዘዘ ይጓዛል። ንጣፎቹ ከሽፋኑ ገጽ ጋር ትይዩ ናቸው ብንል፣ የጉዞው ርዝመት በግምት እንዲህ ይሰላል፦

የርዝመት እጥፍ = 1 + (ስፋት ÷ ውፍረት) × የሸክላው የይዘት ድርሻ ÷ 2

የንጣፉ ስፋት 200 ናኖሜትር፣ የሸክላው ድርሻ 0.02 ቢሆን ጉዞው 3 እጥፍ ይሆናል። 10 ንጣፎች ሳይለያዩ ቢቀሩ ግን ውፍረቱ 10 ናኖሜትር ስለሚሆን ውጤቱ 1.2 ብቻ ነው። የሸክላው መጠን አልተለወጠም፤ የተለወጠው አበታተኑ ነው። ሸክላ ሲበዛም ንጣፎቹ ስለሚጓጉሉ ከጥቂት በመቶ በላይ መጨመር ብዙ ጊዜ አይጠቅምም።

3. ሁለቱ ሲገናኙ

የግሊሰሮል ሞለኪዩል ትንሽ በመሆኑ ከስታርቹ ቀድሞ በሸክላው ንጣፎች መካከል ሊገባ ይችላል። በዚህ ጊዜ ለስታርቹ የሚቀረው ቦታ ይጠባል፤ ስታርቹን የሚያለሰልሰው ግሊሰሮልም ያንሳል። ስለዚህ የአንዱን መጠን ለብቻው ወስኖ ሌላውን በላዩ መደመር አያዋጣም። ጥሩ ሽፋን የሚገኘው ሁለቱን በአንድነት እየለዋወጡ፣ ጥንካሬን፣ መለጠጥንና የተን ማሳለፍን አብሮ በመለካት ነው።

መልመጃ፦ ከላይ በተሰጠው ምሳሌ 5 ንጣፎች ተጣብቀው ቢቀሩ የጉዞው ርዝመት ስንት እጥፍ ይሆናል? (መልስ፦ 1.4)