ጉድጓዱ የማን ነው?

ኮቻባምባ በደቡብ አሜሪካ፣ በቦሊቪያ አገር የምትገኝ ከተማ ናት። ውሃ አይበቃትም። ውሃ የሚያድለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር፤ ቧንቧው ግን ለሁሉም አልደረሰም። ከከተማዋ ዳርና በገጠር ያለው ሰው ገንዘብ አዋጥቶ፣ በጉልበቱ ጉድጓድ ቆፍሮ ይጠጣ ነበር።

መንግሥት ገንዘብ አጠረው። የዓለም ባንክም ይገፋፋው ነበር። ስለዚህ በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ የውሃውን ሥራ የውጭ ባለሀብቶች ለሚመሩት ኩባንያ ለ40 ዓመት ሰጠ። ወዲያው ዋጋው ናረ፤ የአንዳንዱ ሰው ሂሳብ እጥፍ ሆነ።

ገበሬውን ይበልጥ ያስቆጣው ግን የጉድጓዱ ነገር ነው። በአዲሱ ሕግ ኩባንያው ሕዝቡ የቆፈረውንም ጉድጓድ ሊያዝበት ሆነ። እናንተስ በቆፈራችሁት ጉድጓድ ላይ ሌላ ሰው መጥቶ ቆጣሪ ቢተክልበት ምን ትላላችሁ?

ገበሬውና ከተሜው አብረው ወጡ፤ መንገድ ዘጉ። ወታደር ተሰማራ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ በጥይት ተገደለ። በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ውሉ ፈረሰ፤ ሕጉም ተሻሻለ። ጉድጓዱ ለቆፋሪዎቹ ቀረ፤ የቧንቧው ውሃም ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤት ተመለሰ።

ቧንቧው ግን ቶሎ አልተዘረጋም። ከከተማዋ ዳር ያለው ድሃ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ከቦቴ መኪና ውሃ እየገዛ ኖረ፤ ያውም ባለ ቧንቧው ከሚከፍለው በላይ እየከፈለ።