አማካይ ቁጥር የሚሸፍነው

የሀገር ጤና በአንድ ቁጥር ተነግሮ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት 39 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ማን እንዳገኘና ማን እንደቀረበት ግን አይነግረንም። በክልል ሲዘረዘር አዲስ አበባ 89፣ አፋር 15 ከመቶ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ልዩነት በአራት ነጥብ እንየው። አንደኛ፣ የጤና ልዩነት ሁሉ በደል አይደለም። አዛውንት ከወጣት ይልቅ ቢታመሙ ዕድሜ ነው። ማስቀረት እየተቻለ ያልቀረ ልዩነት ግን የፍትሕ ጉድለት ነው። የኩፍኝ ክትባት እስከደረሰ ድረስ አዲስ አበባ ላለው ሕፃን እንደሚሠራ ሁሉ አፋር ላለውም ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ልዩነቱ እንዴት ይታወቃል? መረጃ ሰብሳቢዋ ቤት ለቤት እየሄደች የክትባት ካርዱን ታያለች፤ ካርዱ ከጠፋ እናትየዋን ትጠይቃለች። ስለ ኑሮ ስትጠይቅም ስለ ገቢ አታነሣም፤ ወለሉ አፈር ነው ወይስ ሲሚንቶ፣ ውኃ ከየት ይቀዳል፣ ራዲዮ አለ ወይ፣ ከብትስ ስንት ነው እያለች ትመዘግባለች። ከዚህ በመነሣት ሕዝቡ ከድሃ እስከ ሀብታም በአምስት እኩል ክፍል ይመደባል። የእናት ትምህርት፣ ከተማና ገጠር፣ የሕፃኑ ፆታም ለየብቻ ይታያሉ። ቤት ለቤት በሚደረግ ጥናት ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው እንደማይገባ ግን ልብ በሉ።

ሦስተኛ፣ ልዩነቱ በሁለት መንገድ ይሰላል። ከ89 ላይ 15 ሲቀነስ 74 ነጥብ ይሆናል፤ 89 ለ15 ሲካፈል ደግሞ ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ባለበት ቆሞ አፋር ወደ 30 ከፍ ቢል፣ ስድስት እጥፉ ወደ ሦስት ይወርዳል። ትልቅ ድል ይመስላል፤ ገና 59 ነጥብ ግን ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱንም ስሌት አብሮ ማየት ይገባል። የላዩ ወርዶ ልዩነቱ ቢጠብ ደግሞ መሻሻል አይባልም።

አራተኛ፣ መለካቱ ለምን ይጠቅማል? የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ልዩነት ክትትልን የማይቋረጥ ዑደት አድርጎ ያስተምራል፦ ጉዳዩን መምረጥ፣ መረጃ ማግኘት፣ መተንተን፣ ውጤቱን ማሳወቅ፣ አሠራርን መለወጥ፤ ከዚያም እንደገና መለካት። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ብዙ አገሮችን የሚያነጻጽር የጤና ልዩነት መረጃ ቋት ከፍቷል። ቋቱ የሚጠቅመው አሠራር ሲለወጥበት ነው። በአፋር አርብቶ አደሩ ቤተሰብ ከብቱን ተከትሎ ሲሄድ ጤና ኬላው ባለበት ይቀራል። እናትየዋን «ለምን አልመጣሽም» ማለት ክትባቱን አያደርስም። ክትባቱን ቀዝቃዛ ሣጥን ውስጥ ይዞ ቤተሰቡ ወዳለበት የሚሄድ ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድን ግን ያደርሳል።

እንግዲህ «ሽፋኑ ጨመረ» ሲባል ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ለማን ጨመረ? ከኋላ የነበረው ከፊተኛው ይበልጥ ፈጥኗል ወይ? ያልተቆጠረውስ ማን ነው? ሦስቱም መልስ ሲያገኙ ቀጣዩ በጀትና ባለሙያ የት መሄድ እንዳለበት ይታወቃል።