በጉባኤ መካከል የተጠረጠረ ሰው

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው። በእኛም በላስታ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ላሊበላ ከእጅ ወደ እጅ ከተፈራረቀች ወዲህ፣ በእድርም ሆነ በማኅበር አንድ ሰው ጥያቄ ሲያበዛ «ይህን ማን ላከው?» ማለት ይቀናናል። በእርግጥ ጉባኤ ለማወክ የሚመጣ አይጠፋም። ነገር ግን እርሱን ከቅኑ ጠያቂ በምን እንለየዋለን?

ቀድሞ በአገራችን ሌባ የሚታወቀው በሌባሻይ ነበር። መድኃኒት ጠጥቶ የደነዘዘ ልጅ በመቀነት ተይዞ መንደሩን ይዞራል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ምስክር አይቆጠርም፤ የተከሳሹም ቃል አይሰማም። ሥርዓቱ ቀርቷል፤ ጠባዩ ግን አልቀረም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በፌስቡክ ከውንጀላ ጋር ከተሠራጨ በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። እንግዲህ ጥርጣሬ ዳኛ ሲሆን ፍጻሜው ይህ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? የሎዮላው ቅዱስ ኢግናጥዮስ ያስተማረውና የቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም የተቀበለው መንገድ ሦስት ደረጃ አለው፦

1ኛ. የሰውየውን ቃል አስቀድመን በበጎ እንተርጉመው።

2ኛ. ይህ ካልተቻለ «ምን ማለትህ ነው?» ብለን ራሱን እንጠይቀው።

3ኛ. አሳቡ ክፉ ሆኖ ከተገኘ በፍቅር እናርመው።

እርማቱም ቅዱስ ማቴዎስ በምዕራፍ 18 በጻፈው ቅደም ተከተል ይሁን፤ ይኸውም በመጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ባሉበት፣ በመጨረሻ በጉባኤ ፊት።

ቅን ሰው ሲጠየቅ ነገሩን ያብራራል፤ መልስ ሲያገኝም ያርፋል። ተንኮለኛ ግን መልሱን ሳይሰማ ሌላ ጥያቄ ያነሣል፣ ሰውን ከሰው ያጋጫል። ይህ ከተደጋገመ የማኅበሩ ሙሴ ወይም የእድሩ ዳኛ ንግግሩን ሊያስቆመው፣ ካልታረመም ከጉባኤው ሊያስወጣው ይገባል። ዝምታ ሁልጊዜ ትዕግሥት አይደለምና። ነገር ግን «ሦስት ጊዜ ነገር አቋርጠሃል፣ እገሌን ሰድበሃል» እንበለው እንጂ «አንተ የጠላት ሰው ነህ» አንበለው። ስለ ሥራው የተነገረውን መልስ ሊሰጥበት፣ ሊጸጸትበትም ይችላል፤ ስለ ልቡ የተነገረውን ግን በምን ያስተባብላል? ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነው።

የላስታ ገበሬ እንክርዳድ በቡቃያው ጊዜ ስንዴ እንደሚመስል ያውቃል። ራስ ሲያወጣ ግን ይለያል። እኛም እስከዚያ ድረስ እጃችንን እንሰብስብ።

ለውይይት፦ በማኅበራችን ቃሉን ሳንሰማ የፈረድንበት ሰው አለን? ካለ፣ ማን ሄዶ ይጠይቀው?