የማይደለደል መሬት፤ ኮሚቴው እንዴት ይወስናል?

በዛሬው ትምህርታችን ስለ ሁለት ነገር እናነባለን። አንደኛው መሬት ነው፤ ሁለተኛው ቅርስ ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ኮሚቴ ሲቀመጥ ሁለቱም በአንድ ቃለ ጉባኤ ላይ ይመጣሉ። ገንዘቡም አንድ ነው።

ከድሮው እንጀምር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። ገበሬው በማኅበር እንዲደራጅ፣ ማኅበሩም ቢያንስ 800 ሄክታር ወይም 20 ጋሻ በሚሆን ቦታ ላይ እንዲቋቋም ተወሰነ። ማኅበሩ መሬት ይደለድላል። ይህን ሁሉም ያስታውሰዋል። ብዙ ሰው የረሳው ሌላ ሥራ ግን ነበረበት። የማዕድንና የደን ቦታ፣ እንዲሁም የታሪክና የጥንት ቅርስ ያለበት ቦታ ከድልድሉ ውጭ እንዲሆን ማድረግ ነበረበት። እስቲ አስቡት! መሬት የሌለው ጎረቤት ቆሞ እየጠበቀ፣ ኮሚቴው «ይኼ ቦታ አይደለደልም» ማለት አለበት። ቀላል ነገር አይደለም።

እንዲህ ያለ ቦታ የቱ ነው? አንዳንዱ በዓይን ይታያል። ከሐዋሳ ወደ ደቡብ፣ በዲላ በኩል ያለው የጌዴኦ መልክዓ ምድር የድንጋይ ትክሎችና በባህል የተጠበቁ ደኖች አሉት። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አንዳንዱ ግን ሜዳ ብቻ ነው። በሐዋሳ የሚገኘውን ጉዱማሌን ውሰዱ። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፍቼ ጫምባላላን እዚያ ያከብራል። የኮከብ አዋቂዎቹ አያንቶዎች ሰማዩን አይተው ቀኑን ይናገራሉ። ልጆች ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራውን ቡሪሳሜ ይበላሉ። ሽማግሎች አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ በሐሰት እንዳይመሰከር፣ ሰው ሥራ እንዳይፈታ ይመክራሉ። ይህ በዓል በኅዳር 2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በዓሉ ራሱ በእጅ የሚዳሰስ አይደለም። ሕዝቡ የሚቆምበት ሜዳ ግን ይዳሰሳል። ሜዳው ተሸንሽኖ ቢያልቅ ሕዝቡ የት ይቁም?

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በአንዳንድ አገር ኮሚቴ ገንዘብ አውጥቶ መሬት ይገዛል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ሕግ መሠረት፣ የከተማ ነዋሪዎች በድምፅ ከወሰኑ፣ ከቤትና ከመሬት ግብር ላይ ከ100 እስከ 3 እጅ ጨምረው ይሰበስባሉ። ከዚህ ገንዘብ በየዓመቱ ቢያንስ ከ100 10 እጁ ለታሪክ ቅርስ፣ 10 እጁ ለክፍት መሬት፣ 10 እጁ ለመኖሪያ ቤት መዋል አለበት። ከ5 እስከ 9 አባላት ያሉት ኮሚቴ ሐሳብ ያቀርባል። ገንዘቡን የሚፈቅደው ግን ኮሚቴው አይደለም፤ የነዋሪው ጉባኤ ወይም ምክር ቤቱ ነው። አጥኚና ፈቃጅ መለየታቸው ለእኛም ኮሚቴዎች ይበጃል እንላለን።

በእኛ አገር ግን መሬት አይገዛም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ ለባለይዞታው ካሣ ይከፈላል። ካሣ ማለት ለጠፋ ንብረትና ለተቋረጠ ገቢ የሚሰጥ ክፍያ ነው። ስለዚህ «ሜዳው ለበዓል ይስፋ» ብሎ እጅ ማውጣት ብቻ አይበቃም። ከሜዳው ጥግ የሚያርሰው ሰውዬ ምን ይበላል? ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቃለ ጉባኤው መፈረም የለበትም።

ቅርሱን ለማደስም ሥርዓት አለው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እድሳት ከመጀመሩ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። በቁፋሮ ጊዜ ጥንታዊ ዕቃ ያገኘ ሰውም ወዲያውኑ ማሳወቅ፣ እስኪረከቡትም ድረስ መጠበቅ አለበት። ኮሚቴ መዋጮ ሰብስቦ፣ በቅን ልቡና ጥንታዊ ግንብን በሲሚንቶ ቢለስነው፣ ገንዘቡም ይጠፋል፣ ቅርሱም ይበላሻል።

አሁን እርሳስና ወረቀት አምጡ። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው ለለቀቀ ገበሬ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሣ፣ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ ግን ስሌቱ ተለወጠ። ምትክ መሬት ላላገኘ ሰው፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ካገኘው ገቢ ትልቁ ተወስዶ በ15 ይባዛል። የቤቱና የዛፉ ካሣ ለብቻው ነው። መሬቱን ከማስረከቡም ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ስለ ሥራው ሊያማክሩት እንደሚገባ ተደነገገ። ሕግ ይሻሻላልና በሥራ ላይ ያለውን ስሌት ከመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። እኛ ግን ለመለማመጃ በዚህኛው እንሥራ።

አንድ ገበሬ በሦስት ዓመት 38,000፣ 45,000 እና 41,000 ብር አገኘ እንበል። ካሣው ስንት ነው? ራሳችሁ ሠርታችሁ ጨርሱና ከታች ያለውን አንብቡ።

መልሱ 45,000 በ15 ሲባዛ 675,000 ብር ነው። 620,000 ካመጣችሁ ግን ትልቁን ትታችሁ አማካዩን ወስዳችኋል ማለት ነው፤ ገበሬው 55,000 ብር ቀረበት። እንደገና ሥሩት።